ትልቅ ቼንሶ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ክብደቱንና የመቁረጥ አቅሙን በአዲስ አበባ ከፍታ እንዴት እንደምታወዳድሩ

መርካቶ ገብታችሁ ትልቅ ቼንሶ፣ ማለትም በሞተር የሚሰራ የሰንሰለት መጋዝ፣ ስትጠይቁ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ሲሲው ነው። "ይሄ 90 ነው፣ ያኛው 120፣ እንኳን ባህር ዛፍ ዋርካም ይጥላል የኔ ወንድም" ትባላላችሁ፣ ከዛ በኋላ ያለው ክርክር ዋጋ ላይ ብቻ ነው። ኪሎውን የሚያነሳ የለም፣ ኪሎዋቱንማ ተዉት። እቃው ግን ቀኑን ሙሉ እጃችሁ ላይ ነው የሚውለው፣ ከሰዓት በኋላ ወገብና ትከሻ ሲዝል የሚሰማችሁ ሲሲው ሳይሆን ኪሎው ነው፣ ባሩ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት፣ ግንድ ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ሲጨነቅ ደግሞ የሚያወጣችሁ ኪሎዋቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምታዩ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ፣ ስልክ ላይ ያለ ካልኩሌተር፣ የሻንጣ ሚዛንና አንድ ወፍራም ግንድ ካላችሁ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ትልቅ የምለው ከ70 ሲሲ በላይ ያለውን ነው። ከዛ በታች ያለው ለቅርንጫፍና ለማገዶ ነው፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ደረጃ 1፦ ሲሲውን ለጊዜው እርሱትና ኪሎዋቱን ፈልጉ

ሲሲ ማለት ፒስተኑ የሚመላለስበት ቦታ ስፋት ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ጉልበቱ ኪሎዋት ወይም የፈረስ ጉልበት ላይ ነው የሚጻፈው፣ በፈረስ ከነገሯችሁ ለ1.36 አካፍሉት ኪሎዋቱ ይመጣል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ሁስክቫርና 395 ኤክስፒ 93.6 ሲሲ ነው 4.9 ኪሎዋት ይሰጣል፣ የዚሁ ድርጅት አዲሱ 592 ኤክስፒ ደግሞ ሲሲው 92.7 ሆኖ ማለትም ትንሽ እንኳን አንሶ 5.6 ኪሎዋት ያወጣል። ይባስ ብሎ ሽቲል 500 አይ የሚባለው ኢንጀክሽን ያለው ማሽን፣ በካርፕሬተር ፋንታ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው፣ 79.2 ሲሲ ብቻ ሆኖ 5.0 ኪሎዋት ነው፣ 93ቱን ያህል ይቆርጣል ወይም ይበልጠዋል ማለት ነው። እንግዲህ "ይሄ 90 ነው" የሚለው ወሬ ምን ያህል እንደሚያሳስት እዩት።

ለማወዳደሪያ የሚሆኑ የፋብሪካ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፣ ኪሎው ባዶ ሞተሩ ብቻ ነው፣ ባርና ሰንሰለት የለበትም። ሽቲል 462፦ 72.2 ሲሲ፣ 4.4 ኪሎዋት፣ 6 ኪሎ። ሽቲል 500 አይ፦ 5.0 ኪሎዋት፣ 6.2 ኪሎ። ሽቲል 661፦ 91.1 ሲሲ፣ 5.4 ኪሎዋት፣ 7.4 ኪሎ። ሁስክቫርና 592፦ 5.6 ኪሎዋት፣ 7.4 ኪሎ። ሁስክቫርና 395፦ 4.9 ኪሎዋት፣ 7.9 ኪሎ። ከዛ ትልልቆቹ አውሬዎች ይመጣሉ፣ ሽቲል 881 121.6 ሲሲ፣ 6.4 ኪሎዋት፣ 10 ኪሎ ገደማ፣ ሁስክቫርና 3120 ደግሞ 118.8 ሲሲ፣ 6.2 ኪሎዋት፣ 10.4 ኪሎ።

የተጻፈውን ሲሲ ካልተማመናችሁ፣ ኮፒ እቃ ላይ መማመንም የለባችሁም፣ ራሳችሁ አስሉት። የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት በሴንቲሜትር ለኩና በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በ0.785፣ ከዛ ፒስተኑ በሚወጣ በሚወርድበት ርዝመት አባዙ። 661 ስፋቱ 5.6 ጉዞው 3.7 ነው፣ ሲባዛ 91.1 ይመጣል። የድሮው 660 5.4 በ4 ነው፣ 91.6። አሁን ገበያው ላይ የ660 ኮፒ እንደ ጉድ ነው፣ ሽፋኑ ቀለሙ ሁሉ አንድ ነው፣ ሻጩ ማርሚታውን ፈትቶ ፒስተኑን ካላሳያችሁ ቢያንስ ኪሎዋቱ የተጻፈበት ደብተር ይኑረው። ደብተርም የለም ፈትቼም አላሳይም ካለ አመስግናችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ነው።

ደረጃ 2፦ ለስራ ዝግጁ ሆኖ ስንት ኪሎ ነው?

ካታሎግ ላይ ያለው ኪሎ ማንም ሰው ይዞት የማይሰራበት ኪሎ ነው። ቤንዚን የለውም፣ የሰንሰለት ዘይት የለውም፣ ባር የለውም። ስለዚህ የሻንጣ ሚዛን፣ ያ መንጠቆ ያለው ዲጂታሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ፣ የፊት እጀታው ላይ አንጠልጥሉትና አንብቡ። ሱቅ ውስጥ ሙሉ አድርገው ካልሰጧችሁ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሊትር ቤንዚን ሶስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው፣ አንድ ሊትር ዘይት 0.9 ኪሎ ገደማ። የ661 ታንከር 0.85 ሊትር ቤንዚን ይይዛል፣ ዘይቱ 0.36፣ ሁለቱ ተደምረው ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋሉ። ላዩ ላይ የ75 ሴንቲ ባርና ሰንሰለት ሲገባ እንደ ባሩ አይነት ሁለት ኪሎ ምናምን ይጨመራል። ወረቀት ላይ 7.4 የነበረው እጃችሁ ላይ 10 ኪሎ ተኩል አካባቢ ሆነ ማለት ነው።

881ን ያያችሁ እንደሆነ ደግሞ የቤንዚን ታንከሩ 1.3 ሊትር ነው፣ ዘይቱ 0.7፣ የ90 ሴንቲ ባር ሲገባበት ከ14 ኪሎ ያልፋል። ወገን፣ 14 ኪሎ ያውም የሚንቀጠቀጥ።

ሚዛኑን ስታነሱ ሌላም ነገር እዩ፣ በፊት እጀታው ብቻ ይዛችሁ ስታንጠለጥሉት አፍንጫው በጣም ወደ መሬት ይደፋል ወይስ ቀጥ ብሎ ይቆማል? ረጅም ባር ያለው ሁሉ ትንሽ ይደፋል፣ በጣም የሚደፋው ግን የግራ አንጓችሁን ነው የሚጨርሰው። ሁለት ማሽን ኪሏቸው እኩል ሆኖ አንዱ ከሌላው ቀለል ያለ የሚመስላችሁ በዚህ ነው። ሱቁ በር ላይ ወገባችሁ ከፍታ ላይ አግድም ይዛችሁ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፣ ሰው ቢያያችሁም ይይ።

ደረጃ 3፦ ከፍታውን ቀንሱ

እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚሸወደው። እነዚህ ኪሎዋቶች በሙሉ የተለኩት ወደ ባህር ወለል በሚጠጋ አየር ነው። የቦሌ ኤርፖርት ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ ፒያሳና መርካቶ ከዛም ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ እንጦጦ አናቱ ላይ 3,200 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ከቀነሰ የሚያቃጥለው ቤንዚን ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ አካባቢ ያጣል ብላችሁ አስሉ። መሀል ከተማ ላይ 23 በመቶ፣ እንጦጦ ላይ 30 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው።

እንግዲህ ኪሎዋቱን ሁሉ በ0.77 አባዙ። 661 ከ5.4 ወደ 4.16 ይወርዳል። ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እዩ፦ 72 ሲሲው 462 ባህር ዳርቻ ላይ 4.4 ነው፣ ስለዚህ ፒያሳ ላይ 91 ሲሲ ይዛችሁ ጅቡቲ ወደብ ላይ 72 ሲሲ ከያዘ ሰው ያነሰ ጉልበት አላችሁ። 500 አይ 3.85 ይሆናል፣ 592 4.3፣ 395 3.8 አካባቢ፣ 881 4.9።

"ታዲያ ከፍታው ሁሉንም እኩል ከቀነሰ ለማወዳደር ምን ለውጥ አለው?" ትሉ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ፣ ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን አይቀይርም። የሚቀይረው የባር ምርጫውን ነው። የውጭ ቪዲዮ ላይ 661ን ከ90 ሴንቲ ባር ጋር እንደ ቅቤ ሲቆርጥ አይታችሁ እዚህ ያንኑ ብትገጥሙበት ግማሽ ግንድ ላይ ይንገዳገዳል፣ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ደረጃ አጠር ያለ ባር ግጠሙ፣ 90 የሚመከርለትን 75፣ 75 የሚመከርለትን 63። ባሩ ሲያጥር ኪሎውም አብሮ ስለሚቀንስ በሁለት በኩል ነው የምታተርፉት።

ደረጃ 4፦ ካርፕሬተሩ ሳይስተካከል ምንም አታወዳድሩ

ካርፕሬተር አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል ነው። ከፋብሪካ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣው እዚህ ሲደርስ አየር ያንሰዋል፣ ቤንዚን ይበዛዋል። ጭስ ያበዛል፣ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት ይንተባተባል፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። እንደዛ ሆኖ ካወዳደራችሁት የከፍታው 23 በመቶ ላይ ሌላ ኪሳራ ጨመራችሁበት ማለት ነው።

ካርፕሬተሩ ላይ ኤች (H) የተጻፈበትን፣ በሙሉ ጋዝ ጊዜ የሚገባውን ቤንዚን የሚወስነውን ቪቴ በትንሽ ካቻቢቴ በሰዓት አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ፣ ሩብ ዙር እንኳን ሳይሞላ፣ እያጠበባችሁ አዳምጡ። ልክ ሲሆን ባዶውን ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት ትንሽ ይንተባተባል፣ ግንድ ውስጥ ሲገባና ሸክም ሲያገኝ ድምጹ ጥርት ይላል፣ ከግንዱ ሲወጣ መልሶ ይንተባተባል። ባዶውንም እንደ ፉጨት ጥርት ብሎ ከጮኸ አጥብባችሁታል፣ መልሱት። ጆሮ ላይ ብቻ አትመኩ፣ የዙር መቁጠሪያ ያለው ጋራዥ ፈልጉና ደብተሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ዙር እንዳያልፍ አስለኩት።

ይሄን በደንብ ያዙልኝ፦ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ማሽን ይዛችሁ ሀዋሳ ወይም ጋምቤላ ለስራ ብትወርዱ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ድብልቁ ይሳሳል፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ያንሳል፣ የሚቀባው ዘይትም ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚመጣው፣ ሁለቱም ሲያንስ ፒስተኑ ይግልና ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። ከዛ በኋላ ሲሊንደርና ፒስተን መግዛት ነው። ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ ነው፣ ወርዳችሁ ሳታስተካክሉ አንድ ግንድ እንዳትቆርጡ። ሽቲል ኤም-ትሮኒክ ያላቸው፣ ሁስክቫርና አውቶቱን ያላቸውና ኢንጀክሽኑ 500 አይ ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ እንደ እኛ ደጋ ቆላ ለሚል ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን እንዳትሳሳቱ፣ ድብልቁን ነው የሚያስተካክሉት እንጂ የጠፋውን ኦክስጅን አያመጡም፣ 23 በመቶው እንደጠፋ ነው።

ቤንዚኑ ላይ የምትቀላቅሉት ጥሩ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ፣ ተራ የሁለት ምት ዘይት ከሆነ 40 ሚሊ። ዘይቱን የምትለኩባትን ክዳን ወይም ስኒ በሚሊ ለክታችሁ እወቋት፣ "በግምት" የሚባል ነገር አይሰራም። ጀሪካን ይዞ ቤንዚን መቅዳት ራሱ ጣጣ ስለሆነ ያገኛችሁትን አታበላሹት።

ደረጃ 5፦ ሰንሰለቱ ካልተመሳሰለ ውድድሩ ሀሰት ነው

ከ60 እስከ 90 ሲሲ ያሉት አብዛኞቹ ሶስት ስምንተኛ (3/8 ኢንች) የሚባለውን ሰንሰለት ነው የሚያስሩት፣ 881ና 3120 ደግሞ 404 (0.404 ኢንች) የሚባለውን ወፍራሙን፣ ቁጥሩ የሰንሰለቱ መለኪያ ነው። ወፍራሙ ጠንካራ ነው ግን ሰፊ ቀዳዳ ነው የሚቆፍረው፣ ብዙ እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይቀይራል፣ ያም ጉልበት ይበላል። የ120 ሲሲው ትርፍ ጉልበት ከፊሉ እዚያ ነው የሚቀረው።

ፍጥነቱን ማስላት ከፈለጋችሁ፦ ሰባት ጥርስ ፒኞን፣ ሰንሰለቱን የሚጎትተው ጥርሳም ጎማ፣ በአንድ ዙር ሶስት ስምንተኛውን ሰንሰለት 13 ሴንቲ ያህል ይጎትታል። ግንድ ውስጥ ሞተሩ 9,500 ዙር ይዞ ከቆየ በሰከንድ 20 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። 404ቱ በሰባት ጥርስና በ8,500 ዙር ሲሰራም 20 ሜትር አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ትልቁ ማሽን ሰንሰለቱን በተለየ ፍጥነት አያዞርም፣ የሚለየው ረጅም ባር ተቀብሮበትም ዙሩን አለመጣሉ ነው። አጭር ባርና 40 ሴንቲ ግንድ ላይ ግን ይሄ ብልጫው አይታይም።

ሁለቱም ሰንሰለት አዲስ ወይም ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ የተሞረደ ይሁን። ሶስት ስምንተኛውን በ5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ክብ ሞረድ፣ 404ን በ5.5፣ አንግሉ 30 ዲግሪ፣ ጣውላ ለመሰንጠቅ ከሆነ 10 ዲግሪ አካባቢ። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ዝቅ ትበል፣ 404 ላይ 0.8። መሳሉን በአይን ለማረጋገጥ ጥርሱን ወደ ብርሃን አዙሩት፣ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ከበራ ደንዟል፣ የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። ሲቆርጥም የሚወጣው ሰጋቱራ እንደ ጥፍር ቁራጭ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ዱቄት ከሆነ ግን ችግሩ ሞተሩ ሳይሆን ሞረዱ ነው። ብዙ ሰው "ጉልበት የለውም" ብሎ የሚሸጠው ማሽን ችግሩ ይሄ ብቻ ነው፣ እንዲህ አይነቱን ፈልጋችሁ በርካሽ ግዙ።

ደረጃ 6፦ ሰዓት ይዛችሁ ቁረጡ

አንድ ግንድ፣ 40 ሴንቲ ወይም ከዛ በላይ ውፍረት ያለው፣ አጣና ተራ አካባቢ ወይም ባህር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ጋ ታገኛላችሁ። እርጥብ ባህር ዛፍና የደረቀ ባህር ዛፍ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፣ ወይራማ ጭራሽ ሌላ አለም ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ማሽን በአንድ ግንድ ላይ ጎን ለጎን፣ ቋጠሮ በሌለበት ቦታ። አንድ ሰው ይቁረጥ፣ ሌላው ስልክ ይያዝ። አትጫኑት፣ በራሱ ክብደት ይውረድ። የመጀመሪያው ቁራጭ ማሟሟቂያ ነው፣ አትቁጠሩት፣ ከዛ ሶስት ጊዜ ቆርጣችሁ መካከለኛውን ውሰዱ።

ሂሳቡ፦ የግንዱን ስፋት በራሱ አባዙና በ0.785፣ 40 ሴንቲ ከሆነ 1,256 ካሬ ሴንቲ ይመጣል። እንበል መካከለኛው ማሽን በ14 ሰከንድ ጨረሰው፣ በሰከንድ 90 ካሬ ሴንቲ ነው። ትልቁ በ11 ሰከንድ ጨረሰው፣ 114። አሁን ለዝግጁ ኪሏቸው አካፍሉ፣ መካከለኛው 9 ኪሎ ከሆነ 10 ይመጣል፣ ትልቁ 14 ኪሎ ተኩል ከሆነ 7.9 ገደማ። በአንድ ቁራጭ ሶስት ሰከንድ ለማትረፍ ቀኑን ሙሉ አምስት ኪሎ ተኩል ትርፍ ትሸከማላችሁ ማለት ነው። መሸጋገሩ፣ ማንሳቱ፣ መቆሙ ሲደመር እነዚያ ሰከንዶች የትም አይታዩም።

መቁረጥ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ የወረቀቱን ሂሳብ ስሩ፣ ዝግጁ ኪሎውን ለአዲስ አበባው ኪሎዋት አካፍሉ፣ ያነሰው ይሻላል። ከ63 ሴንቲ ባር ጋር 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው 500 አይ 2.3 ይመጣል፣ 661 ከ75 ባር ጋር 2.5፣ 881 ከ90 ባር ጋር 3 አካባቢ።

ደረጃ 7፦ ስራችሁ የትኛው ነው?

ክብደት ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። የቆመ ዛፍ ስትጥሉ ማሽኑን አግድም ይዛችሁ እናንተ ናችሁ የምትሸከሙት፣ እዚያ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። የወደቀ ግንድ ከላይ ወደ ታች ስትቆርጡ ግን ክብደቱ ራሱ ይገፋላችኋል። ግንድ ላይ ተጋድሞ በፍሬም እየተንሸራተተ ጣውላ ሲሰነጥቅ ደግሞ ኪሎው ብዙም አይሰማም፣ እዚያ የሚፈለገው ሳያቋርጥ የሚሰጥ ጉልበት ነው፣ 881ና 3120 የተሰሩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የድሮ ግቢ ውስጥ ያረጀ ጥድ፣ አጥር ዳር ያለ ባህር ዛፍ፣ ጉቶ ማስተካከል ምናምን ለሚሰራ ሰው፣ ማለትም መሀል ከተማ ላይ ያለው ስራ አብዛኛው፣ 462 ወይም 500 አይ ከ50 እስከ 63 ሴንቲ ባር ጋር ብዬ ነው የምመክረው። ግንዱ ብዙ ጊዜ ከ60 ሴንቲ የሚወፍር ከሆነ 661 ወይም 592። 395 እድሜ ልክ የሚሰራ እቃ ነው፣ ካርፕሬተሩም በካቻቢቴ የሚስተካከል ነው፣ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ባለሙያ አያስፈልገውም፣ ኪሎው ከጉልበቱ አንጻር ከበድ ይላል እንጂ። ጣውላ ካልሰነጠቃችሁ 120 ሲሲውን እርሱት፣ ለፎቶ ካልሆነ። ዛፍ ላይ ወጥቶ ለመቁረጥማ ከእነዚህ አንዳቸውም አይሞከሩም፣ ለዚያ ትንሽዬ ሌላ ማሽን አለ።

ስትሞክሩ የራስ ቁር ከነ መረቡ፣ የጆሮ መከላከያ፣ የእግር መከላከያው ሱሪ፣ ጠንካራ ጫማ። የትልቅ ማሽን ባር የላይኛው አፍንጫ ግንድ ከነካ ወደ ፊታችሁ ነው የሚመለሰው፣ በከፍታው የቀነሰው ጉልበትም ለዚህ በቂ ነው። የሰንሰለት ፍሬኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ በእጅ አንጓ ግፉት፣ ሰንሰለቱ ወዲያው ቀጥ ካላለ ሙከራው እዚያው ያበቃል። የቆመ ዛፍ ላይ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የዚያን ሞዴል ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ፒኞንና ልኩን የጠበቀ ሰንሰለት ሶስት አራት ሱቅ ጠይቁ፣ ሰንሰለቱን ስትጠይቁ ባሩ ላይ የተመታውን ቁጥር በስልክ አንስታችሁ አሳዩ። "ከውጭ ይመጣል" ካሏችሁ ሁለተኛ ምርጫችሁን ግዙ።